ስለ ሥጋ ደዌ «ሪአክሽን» ለጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የዕድራችን አባሎች፣ እናቶችና አባቶች፣

ዛሬ የተነሣነው የዓመቱን ሒሳብ ለማሰማት ሳይሆን ስለ አንድ መቀጮ ለመናገር ነው። ከአባሎቻችን አንዱ ሁለት ቀብር ቀርቷልና ይቀጣ ብለን መዝገብ ላይ ያሰፈርነው እኛው ነን። ሰውየው «አተኮሰኝ፣ እግሬ ላይ ቀያይ እብጠት ወጣብኝ፣ መቆም አቃተኝ» ቢለን ሰበብ ነው አልን። የሥጋ ደዌ መድኃኒት ከጨረሰ ሁለት ዓመቱ ነበር። ኋላ ተሽሎት ድንኳን ሲመጣ ደግሞ «ያ በሽታ አገረሸበት» ብለን ከአጠገቡ ተነሣን። በሁለቱም ተሳስተናል።

ነገሩን የተረዳነው የሕክምና ሰዎችን ጠይቀን ነው። ሩቅም አልሄድንም። እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ ይገኛል። በ1970 የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትም በዚያው ግቢ ነው። ስለዚሁ ሕመም ብዙ ተመራምረውበታል።

ይኸውም እንዲህ ነው። የሥጋ ደዌን ጀርም መድኃኒቱ ይገድለዋል። ነገር ግን የሞተ ሁሉ ወዲያው አይቀበርም፤ የጀርሙ ስብርባሪ በሰውነት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይቆያል። የሰውነት መከላከያ ያንን ስብርባሪ እንደ ጠላት ይይዘዋል፤ ተጣብቀውም በቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይቀመጣሉ። ነጭ የደም ሴሎች እዚያ ይሰበሰባሉ። ቁጣ የሚያስነሡ ኬሚካሎችም በደም ውስጥ ይበዛሉ፤ ከነዚህ አንዱ ቲኤንኤፍ ይባላል። በዚህ ጊዜ ደም ሥሩ ይቆጣል፣ ቆዳው ላይ የሚያም ቀይ እብጠት ይወጣል፣ ትኩሳት ይነሣል፣ መገጣጠሚያ ያብጣል። ዓይንንና ነርቭንም ሊጎዳ ይችላል። ሐኪሞች ኢኤንኤል ይሉታል። ከሕክምናው በፊት፣ በሕክምናው መካከል፣ ወይም መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ሊመጣ ይችላል።

እንግዲህ ወንድማችንን ያመመው የገዛ ደሙ ቁጣ እንጂ ወደ እኛ የሚተላለፍ ነገር አልነበረም። የታዘዘለትን መድኃኒት የወሰደ ሰው በሽታውን ለሌላ አያስተላልፍም።

አሁን ሦስት ነገር አደራ እንላለን። አንደኛ፣ እንዲህ ያለ እብጠት የታየበት ሰው ቶሎ ይታከም፤ ነርቭ አንዴ ከተጎዳ ላይመለስ ይችላል። መድኃኒቱን ያልጨረሰም «መድኃኒቱ ነው ያመመኝ» ብሎ እንዳያቋርጥ። ሁለተኛ፣ ቁጣውን የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን ያለ ሐኪም ከፋርማሲ እየተገዛ የሚዋጥ አይደለም። ሲረዝም ስኳርና የደም ግፊት ያመጣል፣ ሰውነትን ለሳንባ ነቀርሳና ለሌላም በሽታ ያጋልጣል፤ በድንገት ማቋረጡም ለሕይወት ያሰጋል። በዚሁ ሆስፒታል ተጠንቶ በ2014 የታተመ ጽሑፍ በዚህ ሕመም የሚሞቱ መኖራቸውን ያሳያል። ሦስተኛ፣ ታሞ የቀረ አባል የሕክምና ወረቀት ካመጣ አይቀጣ፤ ጉባኤው ይህን በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ ያጽድቅልን።

የወንድማችንን መቀጮ መልሰናል፤ መዝገቡም ተሰርዟል። ከአጠገቡ መነሣታችን ግን በመዝገብ የሚሰረዝ አይደለም። የሚቀጥለው ድንኳን ሲተከል ከጎኑ እንቀመጥ፣ ከአንድ ትሪም እንብላ።