ነፋስን የሚቀበል፣ ፀሐይን የሚከለክል ቤት፦ ከማሌዎች የአሠራር ጥበብ የምንማረው

(ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ኮሚቴ አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ጌታችን ግንብ ለመሥራት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ አስተምሮናል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምናሰላው የሲሚንቶውን፣ የብረቱንና የቆርቆሮውን ዋጋ ብቻ ነው። ሕንፃው ከተመረቀ በኋላ በየወሩ የሚከፈለው የመብራት ሒሳብ፣ በሙቀቱም ምክንያት እኩለ ቀን ላይ ሰው የማይቀመጥበት አዳራሽ የሚያስከትለው ኪሳራ ከስሌቱ ውጭ ይቀራል። ዛሬ ስለ አንድ ሩቅ ሕዝብ ቤት ልናገር የወደድሁት፣ ያ ቤት ይህን ሁለተኛውን ሒሳብ አስቀድሞ ያሰላ በመሆኑ ነው።

ማሌዢያ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን፣ እጅግ ቀርባ የምትገኝ አገር ናት። በቆላማ ሥፍራዋ የቀኑ ሙቀት 32 ወይም 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ ሌሊቱም ከ23 ዲግሪ ብዙ ዝቅ አይልም። ዝናሙ በአብዛኛው ቦታ በዓመት ከ2000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። አየሩ እርጥበት ስላዘለ ላብ ቶሎ አይደርቅም። በእንዲህ ያለ ምድር ሰውን የሚያሳርፈው ጥላና በገላ ላይ የሚያልፍ ነፋስ ነው።

የጥንቱ የማሌዎች ቤት በዚህ ዕውቀት ላይ የቆመ ነው። ቤቱ ከእንጨት ተሠርቶ በምሰሶዎች ላይ ከመሬት ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ጎርፍና እርጥበት ከሥሩ ያልፋሉ፣ ነፋስም በወለሉ ሳንቃዎች መካከል ወደ ውስጥ ይገባል። መስኮቶቹ እስከ ወለሉ ድረስ ስለሚወርዱ፣ መሬት ላይ የተቀመጠና የተኛ ሰው ሳይቀር ነፋሱን ያገኛል። ከመስኮቶቹ በላይ ያሉት ፍልፍል ሳንቃዎች ለጌጥ ብቻ የተቀረጹ አይደሉም፤ መስኮቱ ሲዘጋም አየር ያሳልፋሉ። በውስጥ ያለው ክፍልፋይ ጥቂት ነው። ጣሪያው ቁልቁለታም ሆኖ በዘንባባ ቅጠል ይከደናል፤ ቅጠሉም ሙቀት አያከማችም። ከግድግዳው ርቆ የሚወጣው የጣሪያው ጠርዝ ዝናሙንም ፀሐዩንም ይከለክላል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለእኛም እንግዳ አይደለም። ቅጠሉ በቆርቆሮ ተተካ፤ ቤቱም በቀን የሚግል፣ በዝናም ጊዜ የሚያስተጋባ ሆነ። በከተሞች ጎን ለጎን ተያይዘው የተሠሩት የጡብና የኮንክሪት ቤቶች ደግሞ ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት ወደ ውስጥ መለሱት። ነዋሪው የአየር ማቀዝቀዣ ገዛ፤ ነፋስ በነጻ ይሠራው የነበረውን ሥራ በገንዘብ ማሠራት ጀመረ።

ይህን ያስተዋሉ የአገሩ ባለሙያዎች ወደ ቀደመው ጥበብ ተመለሱ። ሊም ጂ ዩዋን እ.ኤ.አ. በ1987 ስለ ማሌዎች ቤት ባሳተመው መጽሐፍ የእያንዳንዱን ክፍል ጥቅም ዘርዝሮ አስረዳ። አርክቴክቱ ኬን ያንግ በኩዋላ ሉምፑር በሠራው የራሱ ቤት ላይ እንደ ጃንጥላ የሚያገለግል ሁለተኛ ጣሪያ ዘረጋ። ጂሚ ሊም የነደፈውና በባህላዊ አናጢዎች እጅ የተሠራው የሳሊንገር ቤትም እ.ኤ.አ. በ1998 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አገኘ። እነዚህ ሰዎች የጥንቱን ቤት መልኩን አልቀዱም፤ ምክንያቱን ግን ወሰዱ።

እኛም ልንወስድ የሚገባን ምክንያቱን ነው። በደጋ፣ ሌሊቱ በሚበርድበት አገር፣ በምሰሶ ላይ የቆመ ቀላል የሳንቃ ቤት ነዋሪውን ያንቀጠቅጠዋል፤ በዚያ አባቶቻችን የሠሩበት ወፍራም የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ይሻላል። እንደ ጋምቤላ ባለው ሞቃትና በክረምት እርጥብ በሆነ ቆላ ግን የማሌዎቹ ምክር ቀጥታ ይሠራል። በደረቁ ቆላ ደግሞ ጥላው ይወሰዳል፤ የቀትሩ ነፋስ ራሱ የሚያቃጥል ስለሆነ መስኮቱ ቀን ተዘግቶ ማታ ይከፈታል። ስለ እንጨቱም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቤተ ክርስቲያናችንን ደን ጠብቀን የኖርን እኛ፣ ለሕንፃ ብለን አገር በቀሉን ዛፍ ልንቈርጥ አይገባም፤ ከእንጨቱ ይልቅ አሠራሩ ይበቃናል።

እንግዲህ የአዳራሽ፣ የካህናት መኖሪያ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት ንድፍ ሲቀርብላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት መሐንዲሱን አራት ነገር ጠይቁት። ረጅሙ ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ዞሯልን? የጠዋትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብሎ ስለሚመጣ፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚያይ ሰፊ ግድግዳ ይግላል። መስኮቶቹ ትይዩ ሆነው ነፋሱን ያሳልፋሉን? የጣሪያው ጠርዝ ግድግዳውን ለማጥላት በቂ ርቀት ይወጣልን? ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከልም ሙቅ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ አለን? እነዚህ ነገሮች በንድፍ ላይ ሲታሰቡ ተጨማሪ ወጪያቸው ትንሽ ነው፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግን ማፍረስን ይጠይቃሉ።

ገንዘቡ ከሙዳየ ምጽዋት የተሰበሰበ፣ ድኻይቱ እናት ከመቀነቷ ፈትታ የሰጠችው ነው። እርሷ በሰጠችው ገንዘብ የተሠራው አዳራሽ ልጆቿ በእኩለ ቀን ተቀምጠው የሚማሩበት ሊሆን ይገባዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።