ሸራውን የገለበጠ ነፋስ

አቅራቢ 1፦ እህቴ፣ እዚህ አርባ ምንጭ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ መደንገጣቸውን ለመግለጽ “ተይክን ባክ” ብለው ሲጽፉ አያለሁ።

አቅራቢ 2፦ እሱማ ወደ ኋላ መመለስ ሆነ! ትክክለኛው “ተይክን አባክ” ነው። አንዲት “አ” ስትጎድል ድንጋጤው አብሮ ይጠፋል።

አቅራቢ 1፦ ከየት የመጣ አነጋገር ነው?

አቅራቢ 2፦ ከመርከበኞች። ድሮ መርከብ የሚሄደው በሸራ ነበር። ነፋሱ ድንገት ዞሮ ከፊት ሲመታው ሸራው ወደ ኋላ፣ ምሰሶው ላይ ይለጠፋል፤ መርከቡም ካለበት ቀጥ ይላል። አባያ ሐይቅ ላይ ነፋስ ሲነሳ ጀልባ ውስጥ የነበረ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። ከጊዜ በኋላ አነጋገሩ ከመርከብ ወደ ሰው ተሻገረ።

አቅራቢ 1፦ እኛ “ክው አልኩ” እንደምንለው?

አቅራቢ 2፦ ይቀራረባሉ። “ክው” ግን ይከብዳል፤ መርዶም ይሸከማል። ይሄኛው ያልጠበቁት ነገር ገጥሞ ለአፍታ ቃል ማጣት ነው። ብዙ ጊዜ ለማያስደስት ነገር ይውላል፤ ለውበትም ይሆናል። ከከተማው አፋፍ ቆሞ በግራ ደለል ያቀላውን አባያን፣ በቀኝ ሰማያዊውን የጫሞ ሐይቅ፣ በመሃል የእግዜር ድልድይ የሚባለውን መሬት ያየ እንግዳ ቢለው ትክክል ነው።

አቅራቢ 1፦ ልጆቻችን ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ነው የሚማሩት። እንዲህ ያለውን አነጋገር ከነመነሻው ብንነግራቸው ሽምደዳው በቀለላቸው። እስኪ አንድ ምሳሌ ስጪን።

አቅራቢ 2፦ “ሺ ዋዝ ተይክን አባክ ባይ ሂዝ ኩዌስቸን”፤ ጥያቄው ያልጠበቀችው ሆኖባት መልስ አጣች። ያስደነገጠው ነገር ከ“ባይ” በኋላ እንደሚመጣ ልብ በሉ።