አንድ ቃል ለምን ተመረጠ?

(በምሩቃን ማኅበሩ የመገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር)



ብዙዎቻችን በደብረ ታቦር፣ በፋርጣ፣ በጋይንትና በእስቴ አማርኛ እናስተምራለን። ስለዚህ የተሰጠኝን አጭር ሰዓት ሁላችንንም በሚያጋጥመን ጉዳይ ላይ ላውለው። ተማሪዎቻችን ልብ ወለድ ሲያነቡ የቃሉን ፍቺ ያውቁታል። «ደራሲው ለምን ይህን ቃል መረጠ?» ሲባሉ ግን ዝም ይላሉ።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ጋፋት እዚሁ ጎናችን ነው። በእሳቸው ታሪክ ላይ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ ደግሞ «አንድ ለናቱ»ን ጽፈዋል። መጽሐፎቹን ሳንገልጥ ርእሶቹን ብቻ እንያቸው።

እስቲ «ዕንባ»ን አውጥታችሁ «ለቅሶ»ን አስገቡበት። በእኛ አገር ለቅሶ ይደረሳል፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ሙሾ ይወርዳል። «የቴዎድሮስ ለቅሶ» ቢባል አንባቢው ንጉሡ ሞተው የተለቀሰላቸው ይመስለዋል። ዕንባ ግን የራስ ነው፤ ማንም ሳያይ ሊፈስ ይችላል። በቁጣቸው የሚታወቁትን ንጉሥ ምን አስለቀሳቸው ብለን መጽሐፉን እንከፍታለን።

«አንድ ለናቱ»ን በ«አንድያ ልጅ» ብንተካው ፍቺው ብዙም አይርቅም፤ እናትየዋ ግን ጠፋች። ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ በእናታቸው ይሰድቧቸው እንደነበር ይነገራል። ይህን ለሚያውቅ አንባቢ በርእሱ ላይ እናትን መጥራት ለስድቡ መልስ ነው። «አንድ» የሚለውም ቢሆን፣ አብዛኛው ሠራዊት ከተለያቸው በኋላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሞቱትን ንጉሥ ስናስብ ሌላ ክብደት ያገኛል።

ታዲያ ይህን ለማየት መዝገበ ቃላት ብቻውን አይበቃም። ከጉና ሥር የመጣ ልጅ ከእናቱ ጋር ለቅሶ ደርሷል፤ «አንድ ለናቱ» ሲባልም ሰምቷል። የቃሉን ጣዕም ከቤቱ ይዞት መጥቷል። ጥያቄያችን «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» ብቻ ከሆነ ግን ይህ ዕውቀቱ ክፍል ውስጥ ዋጋ የሌለው ይመስለዋል፤ ማንበብንም የሌላ ሰው ሥራ ያደርገዋል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ወደየትምህርት ቤታችን ስንመለስ አንድ ክፍለ ጊዜ ለአንድ ቃል እንስጥ። ልጆቹ ቃሉን በቅርብ ዘመዱ ይተኩት፤ ከዚያ «ምን ጎደለ?» ብለን እንጠይቃቸው። የሚመልሱትን እስክንሰማ ድረስ እኛም አንቸኩል።