ድምፁ ስለ ጠፋ የጊታር ፔዳል
(በራዲዮ ከተደረገ ንግግር)



ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በነቀምቴ፥ ከዚያም አልፎ በጊምቢ፥ በነጆ፥ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ ጊታር የሚጫወት ሰው ጥቂት አይደለም። አንዱ በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ጋር፥ ሌላው በሠርግ ቤት ይጫወታል፤ ሦስተኛውም ቀን በመሥሪያ ቤት መዝገብ ሲያገላብጥ ውሎ ማታ ጊታሩን የሚያነሣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ከእነዚህም መካከል በእግር የምትረገጥ፥ ድምፅን የምትለውጥ ትንሽ የብረት ሣጥን ያላቸው አሉ፤ ፔዳል ይሏታል። የዛሬው ንግግሬ ይህች ሣጥን አልሠራም ስትል ሊደረግ ስለሚገባው ምርመራ ነው።

ነገሩ ተራ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ፔዳል ከወር ደመወዝ ላይ እየተቆጠበ የሚገዛ ዕቃ ነው። በተበላሸም ጊዜ ባለቤቱ ወይ በአውቶቡስ አስጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይልከዋል፥ ወይም ሞቷል ብሎ ከመደርደሪያ ሥር ይጥለዋል። ይህ ሁሉ ድካምና ኪሣራ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በከንቱ ነው፤ ሕመሙ ከሣጥኑ ሆድ ሳይሆን ሣጥኑን ከሚመግበው ኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላልና።

ለገበያ ከቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ፔዳሎች አንዱ፥ እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ የወጣው ማኤስትሮ ፈዝ ቶን፥ የሚሠራው በሁለት ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ብቻ ነበር። ዋ ዋ የተባለው ፔዳል በ1967 ተከተለው። ዛሬ አብዛኞቹ ፔዳሎች በ9 ቮልት ይሠራሉ፤ ኃይላቸውንም ከአራት ማዕዘኑ ባትሪ ወይም ከግድግዳ ሶኬት ላይ ከሚሰካ አዳፕተር ያገኛሉ።

እንግዲህ ፔዳሉ ዝም ባለ ጊዜ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፥ የጊታሩ ድምፅ ፈጽሞ ጠፍቷልን ወይስ ሳይለወጥ ያልፋል የሚለው ነው። አንዳንዱ ፔዳል ኃይል ባያገኝም ድምፁን እንዳለ ያሳልፋል፤ ሌላው ግን ያለ ኃይል ምንም አያሳልፍም። ስለዚህ ጸጥታው ብቻውን የመበላሸት ማስረጃ አይሆንም። ደግሞም በብዙ ፔዳሎች ላይ ኃይሉ የሚከፈተው የጊታሩ ገመድ ወደ መግቢያው ቀዳዳ ሲገባ ነው። ገመዱ ካልገባ ትንሿ ቀይ መብራት አትበራም፤ ገመዱ እንደ ተሰካ ካደረም ባትሪው ያልቃል። ለአንድ እሑድ አገልግሎት ተዘጋጅቶ ቅዳሜ ማታ ገመዱን ሳይነቅል የተኛ ሰው ጧት የሚያገኘው ይህንኑ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚደረገው ፈተና አንድ አዲስ ባትሪ ማስገባት ነው። አዲስ ባትሪ በቴስተር ሲለካ 9.5 ቮልት ያህል ያሳያል። ፔዳሉ በባትሪ ሠርቶ በአዳፕተር አልሠራም ካለ፥ ጥፋቱ በአዳፕተሩ ወይም አዳፕተሩ በሚሰካበት ቀዳዳ ነው፤ ወደ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። በአዳፕተር ሠርቶ በባትሪ ካልሠራም እንዲሁ ቀዳዳው ይጠርጠር፤ የባትሪው ኃይል የሚያልፈው በዚያው ቀዳዳ ውስጥ ባለች ትንሽ መገናኛ ነውና፥ መገናኛዋም በወለጋ ክረምት እርጥበት ልትዝግ ትችላለች።

ስለ አዳፕተር ሰፋ አድርጌ ልናገር እወዳለሁ። በየመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ከአሮጌ የኢንተርኔት መሣሪያ የተረፈ አዳፕተር አይጠፋም። ጫፉ ከፔዳሉ ቀዳዳ ጋር ልክክ ይላል፤ ልክክ ማለቱ ግን መስማማቱን አያስረዳም። የእነዚያ መሣሪያዎች አዳፕተር አብዛኛውን ጊዜ ፖዘቲቩ በመካከል፥ ኔጌቲቩ በዙሪያ ነው፤ ቮልቱም ብዙ ጊዜ 12 ነው። የአብዛኛው ፔዳል ግን በተቃራኒው ነው፤ ኔጌቲቩ በመካከል ይሆናል። በአዳፕተሩም በፔዳሉም ላይ ክብ ከመደመርና ከመቀነስ ምልክት ጋር ተስሏልና፥ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማስተያየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከቮልቱ አጠገብ የማዕበል ቅርጽ ያለው መስመር የተሳለበት አዳፕተር ደግሞ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ስለ ሆነ፥ ፔዳሉ ራሱ ካልጠየቀው በቀር አይሰካም።

ሌላው ጉዳይ የመብራቱ ነው። የፊንጫ የውሃ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በዚያው በሆሮ ጉዱሩ ምድር ኃይል ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ ለምንጩ መቅረብ ብቻውን በቤት ውስጥ ያለውን ቮልት አያጸናም። የመንደሩ ሽቦ ቀጭንና ረጅም ሲሆን፥ ማታ የኤሌክትሪክ ምጣዶች በአንድነት በተጣዱ ጊዜ 220 የነበረው ቮልት ይወርዳል፤ አንድ ምጣድ ብቻውን ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይበላልና። የድሮው ዓይነት ከባድ አዳፕተር ቮልቱን የሚያጸና ክፍል ከሌለው የግድግዳውን መውረድ ተከትሎ ይወርዳል። ግድግዳው በአምስተኛ እጅ ቀንሶ 176 ቢሆን፥ 9 ቮልት ይሰጥ የነበረው ወደ 7 ገደማ ይወርዳል። ያን ጊዜ ፔዳሉ ይጎረምሳል፥ ድምፁም ይቆራረጣል፤ ጧት ግን ደኅና ሆኖ ይገኛል። ቀን እየሠራ ማታ የሚታመም ፔዳል ቢያጋጥማችሁ ጎረቤት እንጀራ እየጋገረ እንደ ሆነ ጠይቁ። መድኃኒቱም በላዩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል የሚል ጽሑፍ ያለበት ቀላሉ አዳፕተር ነው፤ ግድግዳው ቢወርድም ይህ 9 ቮልቱን ይጠብቃል።

በአዲስ ባትሪም በትክክለኛ አዳፕተርም ያልሠራ ፔዳል ይከፈታል። ገመዱ ሁሉ ተነቅሎ፥ ባትሪውም ወጥቶ፥ በመጀመሪያ የሚታየው ከኃይል መግቢያው አጠገብ ያለው ዳዮድ ነው። ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ በር ሲሆን፥ ብዙ ፋብሪካዎች እንደ ዘብ ያቆሙታል። አዳፕተሩ ተገልብጦ በተሰካ ጊዜ ዳዮዱ ኤሌክትሪኩን በራሱ ላይ አሳልፎ የውስጡን ዕቃ ያድናል፤ እርሱ ግን ብዙ ጊዜ ይቃጠልና ሁለቱን ወገን አገናኝቶ ይቀራል። በቴስተር ሲለካ በአንድ ወገን 0.6 ቮልት ገደማ፥ በሌላው ወገን ምንም ካላሳየ ደኅና ነው፤ በሁለቱም ወገን ዜሮ ካሳየ ሞቷል። ዋጋው ከአንድ ስኒ ቡና የሚበልጥ አይመስለኝም። አንዳንድ ጠጋኝ የተቃጠለውን ነቅሎ ሳይተካ ይዘጋዋል፤ ፔዳሉም ይሠራል፤ ነገር ግን ሁለተኛ የተገለበጠ አዳፕተር በመጣ ጊዜ ዘብ የለምና ትራንዚስተሮቹ ያልቃሉ። አዲሱ ዳዮድ ሲበየድ በገላው ላይ ያለው ነጭ መስመር በአሮጌው መስመር አንጻር ይሁን።

ዳዮዱ ደኅና ሆኖ ፔዳሉ ሳያቋርጥ የሚያጉረመርም ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሪኩን የሚያለሰልሰው ካፓሲተር አርጅቶ ይሆናል፤ አናቱ አብጦ ወይም ፈስሶ ይታያል።

ማጉረምረም ሌላ፥ መንዘር ሌላ ነው። የጊታሩን ሽቦ ወይም ማይክሮፎኑን የነካ ሰው ከነዘረው ጥፋቱ የፔዳሉ አይደለም፤ 9 ቮልት ሰውን አይነዝርም። ይህ ከአምፕሊፋየሩ ወይም ከቤቱ መስመር የሚመጣ፥ የመሬት ሽቦ በመጥፋቱ የሚደርስ ነው። ስቶን ዘ ክሮውስ የተባለው የስኮትላንድ ባንድ ጊታር ተጫዋች ሌስ ሃርቪ እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 1972 በዌልስ በስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ እንዳለ የሞተው፥ የመሬት ሽቦው ያልተያያዘ ማይክሮፎን ነክቶ ነው። ሦስተኛው እግሩ የተቆረጠ ሶኬት ባያችሁ ጊዜ የመስመር ሠራተኛ መጥቶ መሬቱን እስኪያስተካክል ድረስ አምፕሊፋየሩ ተነቅሎ ይቆይ፤ መዘምራኑም ያን ዕለት በከበሮ ይዘምሩ።