ድግስና መድኃኒት
(በአዲስ ገቢ ቤተሰቦች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሰሞኑን አንድ አባት «ልጄ፣ አንቲባዮቲክ ታዞልኛል፤ ሐሙስ ማታ ደግሞ ሠርግ አለብን። ያ አልኮል የለውም የሚሉት ቢራ ይከለከላል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ የመድኃኒት ባለሙያ ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

መልሱ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ይለያያል። እንደ አሞክሲሲሊን ያሉትን ለሚወስድ ሰው አንድ ጠርሙስ አልኮል አልባ ቢራ ጉዳት የለውም። ለአሜባና ለጃርዲያ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል፣ ማለትም ፍላጅል፣ ግን ሌላ ነው። ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ማስመለስ፣ ራስ ምታትና የልብ ትርታ መፍጠን ሊያመጣ ይችላል። «ሌሎ አልኮሆል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቢራ እንኳ በጣም ጥቂት አልኮል ሊኖረው ስለሚችል፣ ክኒኑ እስኪያልቅና ከዚያም በኋላ ለ3 ቀን መተው ይሻላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድም ጉበቱ እንዳይጎዳ ከአልኮል ይራቅ።

እናቶች ሆይ፣ ጠላችንን ከዚህ ቢራ ጋር አንድ አናድርገው። ጠላ ቀላል ቢመስልም አልኮል አለው፤ መጠኑም በእንስራው ላይ አልተጻፈም። እንግዳ «መድኃኒት ላይ ነኝ» ሲል «አንድ ዋንጫ ምን ያደርጋል?» ብለን አናስጨንቀው። ውኃ ወይም ሻይ ብናቀርብለት ክብራችን አይጎድልም።

ከሁሉ የከፋው ግን ለመጠጥ ሲባል ክኒኑን መተው ነው። አጎቴ ለሠርግ ብለው የአንድ ቀን ክኒን ዘለሉ፤ በማግሥቱ «ተሽሎኛል» ብለው የቀረውን ተዉት። ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳቱ ተመልሶ አልጋ ላይ ጣላቸው። ሠርጉ አንድ ሌሊት ነበር፤ ሕመሙ ግን ወር ፈጀ።

ስለዚህ መድኃኒቱን ስትቀበሉ «ከዚህ ጋር ቢራ ወይም ጠላ ይቻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ዕብራይስጡ ቢያስቸግር ልጃችሁን ወይም አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ። መጠየቅ ነውር አይደለም።