የውጭው ዋና ማጥፊያ፦ ሦስት ሽቦ ወይስ አራት?



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንዲት ግራጫ ሳጥን ነው። አሜሪካ ውስጥ እኛ ኢትዮጵያውያን በብዛት በምንኖርባቸው በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ አካባቢ የቆየ ቤት የገዛ ሰው፣ መብራቱን ከ100 ወደ 200 አምፔር ላሳድግ ሲል ይህች ሳጥን ከቆጣሪው ጎን ትተከልለታለች። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ሽቦው በቱቦ ይግባ ወይስ በኬብል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሳጥኗ ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል?» ነው።

ሳጥኗ ለምን መጣች? የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1897 ሲሆን በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። የ2020 እትም በአንቀጽ 230.85 ለአንድ ወይም ለሁለት ቤተሰብ በተሠራ ቤት ሁሉ፣ በቀላሉ ሊደረስበት በሚችል ቦታ፣ ከቤት ውጭ የአደጋ ጊዜ ማጥፊያ እንዲኖር አዘዘ። ከዚያ በፊት ዋናው ብሬከር ቤዝመንት ውስጥ ሊሆን ይችል ነበር። ቤት ሲቃጠል እዚያ ማን ይወርዳል? የእሳት አደጋ ሠራተኞች የመብራት ድርጅቱን መጠበቅ፣ ወይም ቆጣሪውን ከነጭነቱ መንቀል ነበረባቸው። ቆጣሪ ጭነት ላይ እያለ ሲነቀል ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ኮዱ ሦስት መንገድ ሰጥቷል። በመጀመሪያው የውጭው ሳጥን ራሱ የቤቱ ዋና ማጥፊያ ይሆንና «ኢመርጀንሲ ዲስኮኔክት፣ ሰርቪስ ዲስኮኔክት» ተብሎ ይጻፍበታል። ሁለተኛው የቆጣሪ ማጥፊያ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከዋናው በፊት የሚገባ ሌላ ማጥፊያ ነው፤ በሁለቱም ላይ «ኖት ሰርቪስ ኢኩዊፕመንት»፣ ማለትም «ዋናው ማጥፊያ አይደለም»፣ የሚል ቃል ይጨመራል። ጽሑፍ ብቻ ይመስላል። ሽቦውን የሚወስነው ግን እሱ ነው።

አገር ቤት ሙያውን የተማራችሁ ወንድሞቼ የምታውቁት 220 ቮልት በአንድ ፌዝና በአንድ ኒውትራል የሚገባበትን ቤት ነው። እዚህ በሁለቱ ፌዞች መካከል 240፣ በአንዱ ፌዝና በኒውትራሉ መካከል 120 ቮልት ይገኛል። ኒውትራልና ግራውንድ ዋናው ማጥፊያ ላይ ይተሳሰራሉ፤ ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ ዳግም አይገናኙም። ስለዚህ የውጭው ሳጥን ዋና ከሆነ ወደ ቤዝመንቱ ፓኔል የሚገባው ሽቦ አራት ይሆናል፦ ሁለት ፌዝ፣ ልባስ ያለው ኒውትራል፣ ለብቻው ግራውንድ። ሳጥኑ ዋና ካልሆነ ግን ዋናው ውስጥ እንዳለ ይቀራል፤ የድሮው ባለ ሦስት ሽቦም ባለበት ሊቀጥል ይችላል።

አንድ ጊዜ ሌላ ሰው ሠርቶት የሄደውን ፓኔል ከፈትኩ። ውጭው ላይ «ሰርቪስ ዲስኮኔክት» ተብሎ ተጽፏል። ውስጥ ስገባ ግን አሮጌው ኬብል አልተነካም፤ ባዶው የኒውትራል ሽቦ እንደተጠማዘዘ ገብቷል፣ ኒውትራሉን ከሳጥኑ ጋር የምታስረው አረንጓዴ ብሎንም ጠብቃ ተቀምጣለች። መብራቱ ይበራል፣ ምድጃው ይሠራል፣ ባለቤቱ ደስተኛ ነው። ያ ባዶ ሽቦ አንድ ቀን ቢላላ ግን የልብስ ማጠቢያውና የፍሪጁ ብረት ኃይል ሊሸከም ይችላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። አራት ሽቦ ለማስገባት ቀላሉ መንገድ «ኤስ ኢ አር» የሚባለው ኬብል ነው፤ ልባስ ያለው ኒውትራልና ባዶ ግራውንድ አብረውት ይመጣሉ። ለ200 አምፔር የመኖሪያ ቤት ዋና መስመር የተለመደው 4/0 አሉሚኒየም ወይም 2/0 መዳብ ነው። አሉሚኒየም ርካሽ ነው፤ አንዳንዶች እንደሚያወሩትም የሚያስፈራ አይደለም። የሚያስፈራው በግምት የጠበቀ ብሎን ነው፤ መጥበቂያ ልኩ ሳጥኑ ላይ ተጽፎ ሳለ «እጄ ያውቃል» የሚል ባለሙያ አያስፈልገንም።

ሽቦው ከግድግዳው ውጭ የሚጓዝ ከሆነ እኔ ቱቦ እመርጣለሁ። መኪና ወይም ሣር ማጨጃ ሊመታው በሚችልበት ቦታ ወፍራሙ «ስኬጁል 80» ፒ ቪ ሲ ወይም ብረት ይግባ። ፒ ቪ ሲ በሙቀት ይለጠጣል፦ 100 ጫማ ርዝመት ያለው ቱቦ በ100 ዲግሪ ፋራናይት ልዩነት 4 ኢንች ያህል ይረዝማል፤ ስለዚህ ረጅም ከሆነ መለጠጫ መገጣጠሚያ ይፈልጋል። ከመሬት በታች ፒ ቪ ሲ በ18 ኢንች ጥልቀት ይቀበራል። ለቤት ውስጥ የተሠራውን ነጭ ወይም ቢጫ ኬብል ውጭ ባለ ቱቦ ውስጥ ማሳለፍ ክልክል ነው፤ ውጭ ያለ ቱቦ ውስጡም እርጥብ ነው ተብሎ ይቆጠራል።

እርጥበት ካነሳን፦ ሞቃት የቤት አየር በቱቦው ወደ ቀዝቃዛው ሳጥን ሲደርስ ላብ ይሆናል፣ ብሬከሩን ያዝገዋል። ቱቦው ግድግዳውን በሚያልፍበት ቦታ ውስጡን በማሸጊያ ጭቃ መድፈን የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም እሱ ነው።

ሌላም የሚረሳ አለ። ዋናው ወደ ውጭ ሲወጣ ከውኃ ቧንቧውና ከመሬት ዘንጎቹ የሚመጣው ሽቦም አድራሻውን ይለውጣል፤ እስከ ውጭው ሳጥን መድረስ አለበት። ለ200 አምፔር ቤት የቧንቧው ሽቦ ቁጥር 4 መዳብ ነው። ዋጋ ስትደራደሩ ይህ አለበት የለበትም ብላችሁ ጠይቁ፤ በኋላ «ተጨማሪ» ተብሎ እንዳይመጣባችሁ።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ግድግዳው የተከፈተበት እድሳት ከሆነ የውጭውን ዋና አድርጉና አራት ሽቦ አስገቡ። ያለው ኬብል ደህና ከሆነና ቤዝመንቱ ተጠናቅቆ ከተዘጋ ግን ግድግዳ ማፍረስ ግዴታ አይደለም፤ ሦስተኛው መንገድ አለላችሁ። ኮዱን እያንዳንዱ ግዛት በራሱ ጊዜ ስለሚቀበል በየትኛው እትም እንደምትዳኙ የካውንቲያችሁ የፈቃድ ክፍል ይነግራችኋል። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ኤሌክትሪሺያኑ ሳጥኗ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍና የሚገቡትን ሽቦዎች ብዛት በወረቀት ያስፍርላችሁ።