ሰርቨርን ከሩቅ ሆኖ ስለ ማስተዳደር



የመሥሪያ ቤት መዝገብ የሚገኝበት ሰርቨር ብዙ ጊዜ ከአስተዳዳሪው ርቆ በሌላ ከተማ ይቀመጣል። ሰርቨሩ አልከፈት ያለ እንደ ሆነ ግን ባለጉዳዩ ሁሉ ይጉላላል። ስለዚህ በሊኑክስ የሚሠራ ሰርቨር ከሩቅ እንዴት እንደሚጠበቅ ጥቂት ላስረዳ እወዳለሁ።

ቀድሞ ያገለግል የነበረው ቴልኔት የይለፍ ቃልን ሳይሰውር ይልክ ስለ ነበር፥ በመስመሩ ላይ ያደፈጠ ሌባ ያነበው ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ስርቆት ደረሰ፤ በዚያው ይሠራ የነበረው ታቱ ዩሎነንም መልእክትን ሰውሮ የሚያደርሰውን ኤስኤስኤችን ሠራ።

እንግዲህ አስተዳዳሪው በይለፍ ቃል ፈንታ ጥንድ ቁልፍ ያዘጋጅ። ይፋዊው ቁልፍ በሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፤ የግሉ ግን ከባለቤቱ ኮምፒዩተር አይውጣ። ረዥም ሥራም ሲኖርበት፥ መስመሩ ቢቋረጥ ሥራው እንዳይቋረጥ ቲመክስ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ያሂደው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን የፋየርዎል ወይም የኤስኤስኤች ደንብ በሚለወጥበት ጊዜ ነው። አንዲት የተሳሳተች ቃል በሩን በአስተዳዳሪው በራሱ ላይ ትዘጋበታለችና። ስለዚህ ለውጡን ከማጽናቱ በፊት፥ ከዐሥር ደቂቃ በኋላ የቀድሞው ደንብ በራሱ እንዲመለስ አስቀድሞ ይዘዝ። ከዚያም የገባበትን መስመር ሳይለቅ፥ በሁለተኛ መስኮት እንደ ገና ለመግባት ይሞክር፤ ከገባ ትእዛዙን ይሰርዛል፤ ካልገባም የቀድሞው ደንብ ተመልሶ በሩን ይከፍትለታል።

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል። በሩቅ አገር ባለ ሰርቨር ላይ የፈሰሰውን ለመልቀም ግን መንገዱ ረዥም ነው።